ማዘግየትም ዙልም ነው!



የዛሬው ጽሑፌ መነሻ አንድ የእንጨት አግዳሚ ወንበር ነው። ወንበሩ የሚገኘው በምኖርበት ከተማ ውስጥ፣ በአንድ የመሬት ጉዳይ መሥሪያ ቤት ኮሪደር ላይ ነው። ቀለሙ ከመሃሉ ተፍቋል፤ የፋቀውም ብዙ ሰው ለብዙ ሰዓት ስለተቀመጠበት ነው። ከወንበሩ ፊት ለፊት ግድግዳው ላይ «የዜጎች ቻርተር» የሚል ትልቅ ሰሌዳ ተሰቅሏል። የአገልግሎቱ ዓይነት፣ ከባለጉዳዩ የሚጠየቀው ማስረጃና ሥራው የሚፈጀው ጊዜ በሠንጠረዥ ተዘርዝሮበታል። ጊዜው የተጻፈው በደቂቃ ነው። በደቂቃ! ጎረቤቴ ማንበብ አይችሉም። እኔ ደጋግሜ ስላነበብኩላቸው ግን ሰሌዳውን በቃላቸው ይዘውታል። «ልጄ፣ የኛው ስንተኛው ላይ ነበር ያልከኝ?» ይሉኛል ቀና ብለው።

ነገሩ እንዲህ ነው። የጎረቤቴ ባለቤት ወደ አኺራ ከሄዱ ሁለት ዓመት ሊሞላቸው ነው፤ አላህ ይዘንላቸው። ትተውት የሄዱት ሀብት አንዲት ባለ ሁለት ክፍል ቤት ናት። ወራሾቹ ሚስትየዋና ሦስት ልጆቻቸው ናቸው። በሸሪዓ ፍርድ ቤት ቀርበን፣ ምስክር አሰምተን፣ ድርሻው በፈራኢድ ተሰልቶ፣ ማኅተም ያረፈበት የወራሽነት ማስረጃ እጃችን ገባ። እውነቱን መናገር ይገባኛልና እዚያ የፈጀብን ጊዜ ቅር የሚያሰኝ አልነበረም። የቀረው ሥራ ያንን ወረቀት ይዞ ሄዶ የቤቱን ካርታ በወራሾቹ ስም ማዛወር ብቻ ነበር።

መጀመሪያ የሄድን ዕለት «ፋይሉ ከመዝገብ ቤት ይውጣ፤ ነገ ተመለሱ» ተባልን። ነገ ተመለስን። ባለሙያው ወደ መስክ ወጥቷል ተባለ። በሦስተኛው ስብሰባ ናቸው። በአራተኛው ሲስተም የለም። ከዚያ በኋላ መቁጠር ተውኩ። ከወር ከምናምን በኋላ ደግሞ አንዱ ሠራተኛ ከመስኮቱ ወዲያ ሆኖ፣ ቀና እንኳ ሳይል፣ «የናንተ ፋይል አልተገኘም» አለን። ጠፋ አላለም፤ አልተገኘም ነው ያለው። የቢሮ ቋንቋ እንዲህ ነው፤ ባለቤት የለውም። ፋይሉ ራሱ «አልተገኘም» እንጂ ማንም «አልፈለግሁትም» አይልም።

ልጆች ያሉት ባል ሲሞት ሚስቱ ከንብረቱ አንድ ስምንተኛ እንድታገኝ የወሰነው አላህ (ሱ.ወ) ራሱ ነው፤ ይህም በሱረቱ ኒሳእ ተደንግጓል። ለነቢይም ለንጉሥም ሳይተው ድርሻውን በቁጥር ወሰነው። እንግዲህ ከሰባት ሰማያት በላይ የተወሰነው ይህ አንድ ስምንተኛ በአንድ መሳቢያ ውስጥ ታስሮ ከአራት ወር በላይ ቆየ! ማንም አልካደውም። ማንም አልቀማውም። «ነገ» ተባለ እንጂ።

ውድ አንባቢ! እኔ ዛሬ ልከራከርበት የፈለግሁት ነጥብ ይኼው ነው። ሚንበሮቻችን ላይ ስለ ጉቦ ብዙ ተብሏል፤ ተገቢም ነው። ስለ ማዘግየት ግን ኹጥባ የሰማሁበት ጁምዓ ትዝ አይለኝም። ማዘግየትን እንደ ድካም፣ እንደ አገሩ ልማድ፣ ሲበዛም እንደ ስንፍና እንቆጥረዋለን እንጂ እንደ ወንጀል አንቆጥረውም። ሸሪዓችን ግን እንዲህ አይልም። መክፈል የሚችል ሰው ዕዳውን ማዘግየቱ ዙልም መሆኑን ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) አስተምረዋል፤ ሐዲሱ ቡኻሪም ሙስሊምም ዘንድ ይገኛል። ዐረብኛው ለዚህ ማዘግየት «መጥል» የሚል ቃል አለው። ሥረ ነገሩ ብረትን እየቀጠቀጡ ማስረዘም ነው። አንጥረኛው ብረቱን በመዶሻ እየመታ እንደሚስበው ሁሉ፣ ይህም ሰው የባለሐቁን ቀን እየመታ ይስበዋል ማለት ነው። እስኪ ልብ በሉ! ዙልም የተባለው መካዱ አይደለም። ዕዳ የለብኝም አላለም። ሰጥቶም ሊሆን ይችላል፣ በስተኋላ። ዙልሙ በመሃል ያለው ቀን ነው።

ታዲያ የሰው ጉዳይ እጁ ላይ ያለ ሠራተኛ ባለዕዳ አይደለምን? ደመወዙን የሚበላው ለዚያ ሥራ ነው። ፊርማው ለባለጉዳዩ የሚከፈል ዕዳ ነው። ሊፈርም እየቻለ «ነገ» ካለ፣ በሐዲሱ ሚዛን የሚመዘን ይመስለኛል። በዚህ ላይ የባለጉዳዩን ገንዘብ ብቻ ሳይሆን የማይመለስ ነገሩን ይወስድበታል። ጎረቤቴ እንጀራ እየጋገሩ ነው የሚተዳደሩት። ቢሮ የዋሉበት ቀን ምጣድ ያልተጣደበት ቀን ነው። እኔም እሳቸውን ይዤ በሄድኩባቸው ጠዋቶች መድረሳ የሚጠብቁኝ ልጆች ነበሩ፤ አንዳንድ ቀን ሰሌዳውን ታቅፈው ሳይቀሩ የሄዱበት ጊዜ አለ። የልጆቹን ሰዓት ማን ወሰደው? እኔ ወሰድኩት። ከኔስ ማን ወሰደው? ዙልም እንዲህ ነው፤ ከእጅ ወደ እጅ ይተላለፋል።

ነገሩ አዲስ አይደለም። ቋንቋችን ለዚህ የራሱ ስም አለው፤ ደጅ ጥናት። በነገሥታቱ ዘመን ባለጉዳይ ስንቁን ቋጥሮ፣ አገሩን ጥሎ፣ የባለሥልጣን ደጅ ላይ ወራትን ይገፋ ነበር። መከራው ይበልጥ የሚገርመኝ ግን ቃሉ ራሱ ነው። ደጅ የሚጠናው ሰው ሐቁን ሊጠይቅ የመጣ መሆኑ ተረስቶ ውለታ ለማኝ መሰለ። ከዚያው ዘመን የወረስነው «ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል» የሚል ተረትም አለ፤ ዛሬም በሠርግም በለቅሶም ቤት እየተሳቀ ይነገራል። በ1967 የቀበሌ ማኅበር ሲቋቋም መንግሥት ከነዋሪው ደጅ ደረሰ ተባለ። ደረሰም፤ ሰልፉም አብሮት ደረሰ። ከ1990ዎቹ ጀምሮ ደግሞ መሠረታዊ የአሠራር ሂደት ለውጥ የሚባለው መጣ፤ ጠረጴዛዎች ቦታቸውን ቀየሩ፣ ግድግዳዎች ፈረሱ፣ ያ የደቂቃ ሰሌዳም ተሰቀለ።

ሕግም አላነሰንም። በ1987 የጸደቀው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 12 የመንግሥት አሠራር ለሕዝብ ግልጽ መሆን እንዳለበትና ባለሥልጣን ተጠያቂ መሆኑን ይደነግጋል። በ1992 በአዋጅ ቁጥር 211 የሕዝብ እንባ ጠባቂ ተቋም ተቋቁሟል። ስሙ እንዴት ያለ ስም ነው! ነገር ግን ተቋሙ መርምሮ የመፍትሔ ሐሳብ ያቀርባል እንጂ ፍርድ ቤት አይደለምና እንባውን የሚያብሰው በመጨረሻ ያው ያስለቀሰው መሥሪያ ቤት ነው። በ2012 የወጣው የፌዴራል የአስተዳደር ሥነ ሥርዓት አዋጅ ቁጥር 1183 ደግሞ ከሁሉም ይልቅ ልቤን ነክቶታል፤ አስተዳደራዊ ውሳኔ በጽሑፍ፣ ምክንያቱም ተገልጾ እንዲሰጥ ያዛልና። «ነገ ተመለሱ» በጽሑፍ ተሰጥቶት የሚያውቅ አንባቢ አለ? «ነገ» ወረቀት ላይ አይሰፍርም። ስለማይሰፍርም ይግባኝ አይባልበትም። እምቢ ያለህን ሰው መክሰስ ትችላለህ፤ «እሺ፣ ነገ» ያለህን ግን በምን ትከሰዋለህ?

ከዚህ በፊት የነበሩት ዑለማዎች ይህን ቀዳዳ ያውቁት ነበር። በ450 ዓመተ ሂጅራ ያረፉት ኢማም አል-ማወርዲ «አል-አሕካሙ ሱልጣኒያ» በተባለው ኪታባቸው ስለ መዛሊም ዳኛ ሰፊ ምዕራፍ አላቸው። የመዛሊም ዳኛ ማለት ተራው ቃዲ የማይደፍራቸውን ሹማምንት የሚጠይቅ ዳኛ ነው። ከሥራዎቹ መካከል የመዝገብ ቤት ጸሐፊዎችን አያያዝ መመርመር ይገኝበታል። ደመወዛቸው የተቀነሰባቸው ወይም የዘገየባቸው ሰዎች የሚያቀርቡትን አቤቱታ መስማትም ይገኝበታል። ያስተውሉ፤ «የዘገየባቸው» የሚለው «ከተቀነሰባቸው» ጎን ነው የተቀመጠው።

ፍርደ ገምድል እንዳልሆን ደግሞ ከመስኮቱ ወዲያ ያለውንም ወገን ልናገር። ሐዲሱ ዙልም ያለው የሚችለውን ሰው ነው። መብራት በሌለበት ኮምፒውተር አይሠራም። የሁለት ሰው ሥራ የተጫነበት አንድ ሠራተኛ ቢያዘገይ ዕዳው የአለቃው ነው። የመንግሥት ሠራተኛ ደመወዝ ከገበያው ጋር ያለው ርቀት ምን ያህል እንደሆነ እኔ በወላጆች መዋጮ የምኖር አስተማሪ ለማንም የምናገረው አይደለም፤ ከቤት ኪራይ ተርፎ ለዘይት የማይበቃ ደመወዝ የሚበላ ሰው ፊቱ ቢጨልም ሊገርመን አይገባም። ከራሳችንም እንጀምር ካልን፣ በእምነት ስም የምናስተዳድራቸው ቢሮዎች ውስጥ አንዲት የድጋፍ ደብዳቤ ለማስጻፍ ስንት ጁምዓ እንደሚፈጅ የሚያውቅ ያውቀዋል። አዲሶቹ መሣሪያዎችም መልካም ናቸው። የፋይዳ መታወቂያ በ2015 በአዋጅ ቁጥር 1284 ሕጋዊ መሠረት አግኝቷል፤ በ2017ም የልዩ ልዩ መሥሪያ ቤቶችን ጉዳይ በአንድ አዳራሽ የሚጨርሰው መሶብ የተሰኘው ማዕከል ሥራ ጀምሯል። ሰልፍ ያሳጥራሉ፤ አልክድም። በእጅ የተደበቀን ፋይል ግን ማሽን አያገኘውም።

አሁን ወደ ከበደኝ ነገር ልምጣ። ከመስኮቱ ወዲያ የነበረው ያ ሠራተኛ ወንድማችን ነው። ግንባሩ ላይ የሱጁድ ምልክት አለው። ዝሁር ሲደርስ ጠረጴዛውን ዘግቶ ወደ መስጂድ ይሄዳል፤ ማሻአላህ። አንድ ቀን እኔም እዚያው መስጂድ ሰገድኩ። ሶላቱ አለቀ፤ ሱናውም አለቀ፤ እኔ ተመልሼ አግዳሚው ላይ ተቀመጥኩ። እርሱ የተመለሰው ዓስር ሊቃረብ ሲል ነበር። አግዳሚው ላይ የነበሩት ሙስሊም ያልሆኑ ባለጉዳዮች «የት ሄደ?» ብለው ሲጠይቁ «ሶላት» ተባሉ። በዚያች ሰዓት መሬት ብትውጠኝ ደስ ባለኝ። ያ ወንድም ከሰው የወሰደውን ሁለት ሰዓት በአላህ ስም ነበር የወሰደው።

በቁርአን ውስጥ ሙጠፊፎችን በማስጠንቀቅ የምትጀምር ሱራ አለች፤ ሲቀበሉ ሞልተው፣ ሲሰጡ አጉድለው የሚሰፍሩትን። የመድረሳ ልጆቼ ሱራዋን ሲቀሩ ሁሌም የሚያስቡት የእህል ነጋዴ ነው። ደመወዙን ሞልቶ እየተቀበለ ሰዓቱን አጉድሎ የሚሰጠው ሰው ግን ከየትኛው ወገን ነው? ሱረቱ ዐበሰንም እንደዚሁ ነው የምናልፋት። ዓይነ ስውሩ ዐብዱላህ ኢብኑ ኡሚ መክቱም (ረ.ዐ) ሊጠይቅ መጣ፤ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) የቁረይሽን ታላላቆች ወደ እስልምና ለመጥራት ተጠምደው ስለነበር ፊታቸውን አዞሩ፤ ለዚህም ከጌታቸው ወቀሳ ወረደ። ምክንያታቸው የዲን ጉዳይ ነበር። ጠያቂው ዓይነ ስውር ስለሆነ ፊታቸውን አላየውም። እንዲያም ሆኖ ወቀሳው ቂያማ ድረስ እንዲነበብ ተደረገ። ስልኩን እየነካካ አረጋዊት ባለጉዳይን ቀና ብሎ የማያይ ሰው ይህችን ሱራ በየትኛው ምላሱ ይቀራታል?

አቡ ዳውድና ቲርሚዚ የዘገቡት ሌላም አለ። አቡ መርየም የተባሉት ሶሓባ ሙዓውያ (ረ.ዐ) ዘንድ ገብተው ከነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) የሰሙትን ነገሯቸው፤ በሰዎች ጉዳይ ላይ የተሾመ ሰው ከችግራቸውና ከድህነታቸው ራሱን ቢከልል፣ አላህም በቂያማ ቀን ከርሱ ችግር ይከለላል የሚል መልእክት ነበረው። ሙዓውያ ይህን ሲሰሙ ወዲያው የሰዎችን ጉዳይ የሚቀበል ሰው ሾሙ። ኮሚቴ አላቋቋሙም። የሰዕድ ኢብኑ አቢ ወቃስ (ረ.ዐ) ታሪክ ደግሞ ከዚህ ይብሳል። ሰዕድ በዱንያ ሳሉ ጀነት ከተበሰሩት ዐሥሩ አንዱ ናቸው። ኩፋን ሲያስተዳድሩ የገበያው ጫጫታ ስላስቸገራቸው ለቤታቸው በር አበጁ። ወሬው መዲና ደረሰ። ዑመር (ረ.ዐ) ሙሐመድ ኢብኑ መስለማን ላኩ፤ ሰውየውም ኩፋ ገብተው እንጨት ሰብስበው በሩን አቃጥለው ተመለሱ። ሰዕድ ጉቦ አልበሉም፤ ሰውም አላጉላሉም። ጸጥታ ፈለጉ እንጂ። ዑመር ግን በር ከተሠራ በኋላ ከበሩ ወዲያ ምን እንደሚከተል ያውቁ ነበር።

ምን እንደሚከተል እኛም አየነው። በሦስተኛው ወር አንድ ደህና የለበሰ ሰው አግዳሚው ላይ ከጎናችን ተቀመጠ። ጉዳይ አስፈጻሚ ነኝ አለ። «ለልጆቹ የሻይ» የሚሆን ከሰጠን ፋይሉ በሳምንት እንደሚገኝ፣ ካልሆነ ግን እንደማይገኝ በትሕትና አስረዳን። መጠኑን ሲናገር ጎረቤቴ የሦስት ወር እንጀራ እንደሆነ በጣታቸው ቆጠሩ። ከዚያ ወደኔ ዞረው «ኡስታዝ፣ ይሄ ይፈቀድልኛል ወይ?» አሉኝ። እስከዚያ ቀን «ልጄ» ነበር የሚሉኝ።

ጉቦ ሰጪም ተቀባይም የተረገሙ መሆናቸውን ስንት ዓመት አስተምሬአለሁ! ያን ሰዓት ግን አፌ ተያዘ። ኪታቡ የሚለውን ነገርኳቸው። ብዙ ዑለማዎች፣ ሐቁን በሌላ በምንም መንገድ ማግኘት ያልቻለ፣ የሌላውንም ሰው ሐቅ የማይነካ ሰው ተገዶ ቢሰጥ ወንጀሉ በተቀባዩ ላይ ነው ብለዋል። ይህ እውነተኛ የዑለማዎች ቃል ነው፤ እኔ አልፈጠርኩትም። ግን ስናገረው ድምፄ ለራሴም አልጣመኝም። ለችግር ቀን የተከፈተች ጠባብ በር ዛሬ አገር የሚወጣባት የሚገባባት ዋና መንገድ ሆናለች። የሚያስገድደው ሁኔታ ደግሞ ከሰማይ የወረደ ድርቅ አይደለም፤ «ነገ» እያለ ያመረተው ያው መስኮት ነው። ማዘግየቱ የጉቦው እናት ነው። እናቲቱን ዝም ብለን ልጇን ስንረግም ኖርን።

ጎረቤቴ ጥቂት አሰቡና «ታዲያ ለኔ ሐላል፣ ለሱ ሐራም ከሆነ፣» አሉኝ፣ «እኔ የሰው ልጅ እሳት በገንዘቤ ገዝቼ የምሰጠው ምን በድሎኝ ነው? ፋይሌን ነው የደበቀብኝ፤ ጀሀነም እንዲገባ የሚያደርስ ጠብ የለንም።» ሰውየውን «ይቅርብን የኔ ልጅ» ብለው አሰናበቱት። እኔ ኪታብ ቀርቼ ያላገኘሁትን እሳቸው ከምጣዳቸው አጠገብ አገኙት።

የተረፈውን መጻፍ አልፈልግም ነበር፤ ግን ስለ ሌላው ጽፌ ስለራሴ መደበቅ አይሆንልኝም። ከሳምንታት በፊት በዚያው ኮሪደር አንድ ወጣት ሮጦ መጥቶ እጄን ሳመኝ። ልጅ ሳለ ቁርአን ያስቀራሁት ተማሪዬ ነው፤ እዚያው ተቀጥሯል። «ኡስታዝ! እስካሁን ለምን አልነገሩኝም?» ብሎ ወረቀቱን ከእጄ ወሰደና በጎን በር ገባ። ዐሥር ደቂቃ አልሞላም። ሰሌዳው ላይ ከተጻፈውም ያነሰ ነው። ያ ወራት ሙሉ «ያልተገኘ» ፋይል በእጁ ይዞ ወጣ። አቧራ እንኳ አልነበረበትም።

ደስ አለኝ፤ አልዋሽም። ገንዘብ አልሰጠሁም፣ ማንንም አልለመንኩም፣ ልጁም ከኔ ምንም አልፈለገም። ነገር ግን ከኛ ቀድመው ከገጠር የሚመላለሱ አንድ ሽማግሌ ነበሩ፤ ከዘራቸውን በጉልበታቸው መሃል አድርገው፣ በየሳምንቱ እናገኛቸዋለን፤ ሽሮአችንንም አብረን በልተናል። ፋይላችን ሲወጣ አዩ። «እልሐምዱሊላህ፣ ተገኘላችሁ!» አሉ፣ ከልባቸው። የሳቸውን ፋይል ቁጥር ለተማሪዬ ልስጠው ብዬ ስዞር ልጁ አለቃው ጠርቶት ገብቷል።

የጎረቤቴ ካርታ አሁን ሁለተኛው ፎቅ ላይ ፊርማ እየጠበቀ ነው። ቀጠሯችን ለመጪው ማክሰኞ ነው፤ የሽማግሌውን ቁጥር በወረቀት ጽፌ ኪሴ ውስጥ ይዣለሁ።